ስንዱ ጦጣና ዝም የማይለው ብስኩት

ተረት ልንገራችሁ። ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ የራበው ቆሎውን ይዞ ይቀመጥ።

ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ ሲናገር፣ ዕቃም ሲጠይቁት ሲመልስ፣ በአንድ ቁልቁለት መንገድ ዳር ትልቅ ሾላ ነበረ። በሾላው ላይ ሁለት ጦጣዎች ይኖሩ ነበር። ባልየው አንሙት ይባላል፤ ሚስትየዋ ስንዱ ትባላለች። ከተጋቡ ጀምሮ የሚያድሩት ከሾላው ጫፍ፣ ከቀጭኗ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ነብር ዛፍ ይወጣል፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ግን አይችለውም። ስለዚህ ጫፍ ላይ ያደረ ጦጣ በሰላም ያድራል፤ ዝቅ ብሎ ያደረውን ግን እግዜር ይጠብቀው።

አንሙት ዝምተኛ ነው። ስንዱ ደግሞ ጨዋታ ትወዳለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሷ ታወራለች፣ እሱ ጀርባዋን እያበጠረ ይሰማል፤ እንዲህ ተደጋግፈው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እሷ ካላወራች እሱን እንቅልፍ አይወስደውም። እሱ ካልሰማት ደግሞ እሷን ወሬው አይጥማትም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሰዎች መጡና መንገዱን አስፍተው አስፋልት አነጠፉበት። ከአስፋልቱ በኋላ አውቶቡስ መጣ። አውቶቡሱ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል፤ ተሳፋሪው ጦጣ ሲያይ ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ በመስኮት ከቀይ ፓኬት ብስኩት እያወጣ ይወረውራል።

ስንዱ አንዱን አነሳችና ቀመሰችው። ጣፈጣት። ጥርስ አያደክምም፤ ምላስ ላይ ሟሙቶ ያልቃል። ብስኩቱ ግን ሆዷ ከገባ በኋላም ዝም አላለም።

"ስንዱ እመቤቴ፣" አላት፣ "ወንድሜ እኮ ውጭ ቀረ።"

ወንድሙን በላችው። ወንድሙም ገባና፣ "እህታችን ብቻዋን ቀረች፣" አለ። እህቱን በላቻት። እህቲቱም ገባችና፣ "የአክስታችን ልጆችስ?" አለች።

እንዲህ እያለ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተጠራርቶ ገባ። ሆዷ፣ "እኔ እኮ በቃኝ ልል ነበር፣ የሚሰማኝ አጣሁ፣" ይላል፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ግን ማን ይስማው።

ዛሬም ነገም አውቶቡስ መጣ። ዛሬም ነገም ስንዱ በላች። ጉንጯ ሞላ፣ ወገቧ ሰፋ፣ እግሯ ከበደ። አንድ ማታ ወደ ጫፉ ወጥታ ስትቀመጥ ቅርንጫፏ ተንቋቋች።

"ስንዱ ልጄ፣" አለቻት ቅርንጫፏ፣ "ከሙሽርነትሽ ጀምሮ ተሸክሜሻለሁ። ጠልቼሽ አይደለም፤ ዛሬ ግን ወገቤ ሲጮህ አንቺም ሰምተሻል።"

ስንዱ አፈረች። በማግስቱ ወደ ታች ወረደችና ወፍራሙ መንታ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ አንሙት ተከትሏት ወረደ።

"አንተ ደግሞ ለምን ወረድክ?" አለችው።

"ላይ ነፋሱ በረታብኝ፣" አላት።

ነፋስ አልነበረም። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር።

"ነብር ቢመጣስ?"

"ከመጣ ሁለት ሆነን እናየዋለን።"

ስንዱ ይህን ስትሰማ ሆዷ ባባ። 'ለራሴስ የበላሁትን በልቻለሁ፣' አለች በልቧ። 'ይህ ሞኝ ግን በእኔ ጦስ ሊበላ ነው።' ሲነጋ ምክር ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ አያ ሚዛን ነው። አያ ሚዛን ከመንገዱ ኬላ አጠገብ፣ ከእህል ነጋዴው ደጃፍ ተንጠልጥሎ የሚኖር ባለ ሁለት ሳህን ነው።

"አያ ሚዛን፣ ከበድኩ። ምን ይሻለኛል?"

"ሳህኔ ላይ ውጪና ልይሽ፣" አላት።

ወጣች። የተቀመጠችበት ሳህን ዘጭ አለ፤ ሌላው ሳህን እንደ ወፍ ተነሳ።

"ስሚ፣" አላት አያ ሚዛን። "እኔ ጣዕም አላውቅም፤ ስምም አልጠይቅም። ሾላም ሆነ ብስኩት ለእኔ ሸክም ነው። ከምታወጪው በላይ ካስገባሽ ትከብጃለሽ፤ ካሳነስሽ ትቀልያለሽ። የምትበይውን ለሁለት ከፍለሽ ግማሹን ብቻ ብዪ።"

ስንዱ ነገሩ እውነት መሰላት። ብስኩቱን ከመሃል ሰብራ ግማሹን በላች፣ ግማሹን ድንጋይ ሥር ደበቀች። የበላችው ግማሽ ግን ሆዷ ገብቶ፣ "እግሬ ውጭ ቀርቷል፣ ወገቤ ውጭ ቀርቷል፣ እንዴት ልቁም?" እያለ ለቅሶ ጀመረ። ስትሄድ አለቀሰ፣ ስትቀመጥ አለቀሰ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ድንጋዩን ገልብጣ የደበቀችውን ጨረሰችው። ይህን እያደረገች ሰነበተች። ክብደቷ ያው፣ ጠባይዋ ግን ከፋ። ማታ ማታ ወሬ ቀረ። አንሙት ጀርባዋን እያበጠረ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ ዝም።

ቀጥላ ወደ ዘንዶ ሄደች። ዘንዶ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

"ጌታው፣ እርስዎ ወገብዎ እንዴት እንዲህ አማረ?"

"እኔ አንዴ እውጣለሁ፣" አላት ዘንዶ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ከዚያ በኋላ ጨረቃ ሞልታ እስክትጎድል አፌን አልከፍትም። አንቺም አፍሽን ዝጊ፤ ያን ጊዜ ትቀጥኛለሽ።"

ስንዱ አፏን ዘጋች። ዛሬ አልበላችም። ነገ አልበላችም። አንሙት ሾላ ቆርጦ ቢያመጣላት ፊቷን አዞረች።

"የእኔ ዓለም፣ ትንሽ ቅመሺ።"

"ዘንዶ አይበላም፣" አለችው።

"ዘንዶ ተኝቶ ነው የሚውል። አንቺ ጦጣ ነሽ፣" አላት። አልሰማችውም።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ውሃ ልትጠጣ ወረደች። ከረሃቧ የተነሳ ዓይኗ ብዥ ይልባታል። ጎንበስ ስትል አያ ነብሮን ውሃው ላይ አየችው። ከኋላዋ ቆሟል።

"ስንዱ፣" አለ አያ ነብሮ በለሰለሰ ድምፅ፣ "አውቶቡሱ ስንት ጊዜ ሲቀልብሽ አይቻለሁ። ለእኔ ብለሽ ነው ያን ያህል የወፈርሽው?"

ሮጠች። ሾላው ሥር ደረሰች፣ ተንጠላጠለች፣ ግንዱን እስከ እኩሌታው ወጣች። ከዚያ በላይ ክንዷ እንቢ አለ። ያልበላ ክንድ ምን ይይዛል? ተንሸራተተች።

አንሙት ከላይ ነበር። ጫፉ ላይ ሆኖ መጮህ ይችል ነበር፤ ጦጣ ሁሉ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እሱ ግን ወረደ። ደረቅ ጭራሮ ሰበረና የነብሩን አፍንጫ መታው። ነብሩ ዘወር አለና እጁን ሰነዘረ፤ የአንሙትን የጅራት ጫፍ ከነፀጉሩ ይዞ ቀረ።

"ውጪ ስንዱ፣" አላት አንሙት፣ "አሁን ውጪ።"

ወጣች። እንዴት እንደወጣች እሷም አታውቀውም። ሁለቱም እስከ ጫፉ ደረሱ። ቅርንጫፏም ጥርሷን ነክሳ ያዘቻቸው። ነብሩ ከታች ዞሮ፣ ዞሮ፣ ሲሰለቸው ሄደ።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ስንዱ ከድንጋጤዋና ከረሃቧ የተነሳ መንገድ ዳር ወርዳ ያገኘችውን ብስኩት ሁሉ በላች። እየበላች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትበላለች። ያን ጊዜ ከሣሩ መሃል አንድ አረንጓዴ ፓኬት አናገራት።

"አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ አታልቅሺ፣" አላት። "አንቺን ያወፈረሽ ያ ቀዩ ባለጌ ነው። እኔ ሌላ ነኝ። እዪ፣ ላዬ ላይ ቅጠል ተስሏል፤ ቀጭን ሴትም ተስላለች። ከእኔ የፈለግሽውን ያህል ብትበይ አትወፍሪም።"

ስንዱ ቅጠሉን አየች፣ ቀጭኗን ሴት አየች። ከፈተችና አንዱን በላች። ብስኩቱ ሆዷ ገባና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስንዱ እመቤቴ፣ ወንድሜ እኮ ውጭ ቀረ።"

ድምፁ የቀዩ ድምፅ ነበር። ስንዱ ፓኬቱን አስቀመጠችው። ወደ ዛፉ ተመለሰችና አንሙት አጠገብ ተቀመጠች። እሱ የቆሰለ ጅራቱን ይልሳል። የሆነውን ሁሉ፣ የሚዛኑንም፣ የዘንዶውንም፣ የፓኬቱንም ነገረችው።

"ሦስት መካሪ ሰማሁ፤ በአንዱም አልዳንኩ። አንተስ ምን ትመክረኛለህ?"

አንሙት ብዙ አሰበ።

"እኔ ምክር አላውቅም፣" አላት። "ነገ ከሸለቆው ማዶ የዶቅማ ፍሬ ልለቅም እሄዳለሁ። አብረሽኝ ነይ። ወሬሽ ናፍቆኛል።"

ሲነጋ ሄዱ። ስንዱ ሸለቆውን ስትወርድ አለከለከች፣ ስትወጣ ደጋግማ አረፈች። አንሙት አልቸኮለም፤ ስታርፍ ያርፋል። ማዶ ሲደርሱ ዶቅማው ጠቁሮ በስሏል፤ እንኮይም አለ፣ ለጋ ቅጠልም አለ፣ አንበጣም አለ። ቅጠል ይታኘካል፣ የዶቅማ ዘሩ ይተፋል፣ አንበጣን ለመያዝ ይዘለላል። ስንዱ እየበላች ታወራለች፣ እያወራች ትለቅማለች። በመሃል አንድ ድምፅ ሰማች።

"በቃኝ።"

"ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ፣ ሆድሽ። በቃኝ ነው ያልኩት። ድሮም እል ነበር፤ ጫጫታው ድምፄን አላሰማ ብሎኝ ነው።"

ስንዱ ዶቅማዎቹ ተጨማሪ ዘመድ ይጠሩ እንደሆነ ጆሮዋን አቀናች። ዝም ብለዋል። እጇን ከዛፉ መለሰች።

ከዚያ በኋላ አብረው መሄድ ልማዳቸው ሆነ። ክብደቷ ግን ቶሎ አልወረደም። አንድ ቀን ተናዳ ወደ አያ ሚዛን ሄደች።

"ዋሽተኸኛል፣" አለችው። "ግማሽ ብዪ ብለኸኝ ግማሹ አስለቀሰኝ።"

"አልዋሸሁም፣" አለ አያ ሚዛን። "ሸክም ሸክም ነው፤ ዶቅማም ቢሆን ከልክ ካለፈ ያከብድሻል። የትኛው ሸክም ጓደኛውን እንደሚጠራ ግን እኔ ከየት አውቃለሁ? ብረት ነኝ፤ ሆድ የለኝም። እሱን ሆድሽን ጠይቂ። ለማንኛውም እስቲ ውጪ።"

ወጣች። ሳህኑ ወረደ፣ እንደ በፊቱ ዘጭ ግን አላለም።

"ቀንሰሻል፤ ትንሽ ነው፣" አላት።

"ትንሽም ይሁን፣" አለችው። "ከእንግዲህ አንተንም ሆዴንም እሰማለሁ።"

ደግሞ በዓል መጣ። አውቶቡሱ እየተመላለሰ ብስኩቱ እንደ በረዶ ዘነበ። ስንዱ አልቻለችም፤ ወርዳ ከጎረቤት ጦጣዎች ጋር እየተሻማች በላች። ማታ አንገቷን ደፋች።

"አለቀ አንሙት፣" አለችው። "የለፋሁት ሁሉ ገደል ገባ። ከእንግዲህ ብበላ ብተው ምን ለውጥ አለው?"

"አንድ ቀን ስላካፋ በጋው ክረምት ሆነ እንዴ?" አላት። "በዓል ነበር፣ በላሽ፣ ተጫወትሽ። ነገ ዶቅማው እዚያው ነው፤ እኔም እዚሁ ነኝ።"

በማግስቱም ሄዱ።

ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ገባ፣ ክረምቱ ተመለሰ። ስንዱ የሙሽርነት ወገቧን አላገኘችም። ሸለቆውን ግን ሳታርፍ ትወጣለች። የሚያድሩትም ከነብር እጅ በላይ፣ ሁለቱንም ደህና አድርጋ በምትችል ቅርንጫፍ ላይ ሆነ። አያ ነብሮ አንዳንዴ ይመጣል፤ ቀና ብሎ ያያል፤ ምራቁን ውጦ ይሄዳል። አንሙት በአጭር ጅራቱ ሲዘል ሚዛኑን ይስታል፤ ያን ጊዜ ስንዱ ክንዷን ትዘረጋለታለች። ያ ክንድ አሁን ይይዛል።

በኋላ ከአጎራባች ዛፍ ዳሳሽ የምትባል አዲስ ሙሽራ መጣች። ብስኩቱ ጉንጯን ሞልቶታል፤ እያለከለከች ነው።

"እትዬ ስንዱ፣" አለች፣ "በምን እንደቀለልሽ ንገሪኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የወንድሜ ሠርግ ነው፤ ቶሎ የሚያደርሰኝን ንገሪኝ።"

ስንዱ ከቅርንጫፉ ወረደች፤ የልጅቷን ጀርባ ዳበስ አደረገች።

"ቶሎ የሚለውን እዚሁ ዛፍ ሥር ተይውና ነይ የኔ ልጅ፣" አለቻት። "ማዶ ልንሄድ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ እየሄድን እንጫወታለን።"

በአንድ ዝናብ ያልሞላ ወንዝ በአንድ ፀሐይ አይደርቅም።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ የያዘ ያቀብለኝ፣ ቆሎ የተረፈው ያቋድሰኝ።