ሰው የሚያሳንሰው አዳራሽ

ከቀይ ገደል ሥር ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ አዳራሽ አለ። የአካባቢው ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ድረስ የድንበርና የርስት ክርክር የሚሰሙት በዚሁ ነው፤ ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ከመናገራቸው በፊት ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ትነሣና እስከ ውስጠኛው ጫፍ ድረስ ብቻዋን ትሄዳለች። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ጸሎት ይመስለዋል። ጸሎት አይደለም፤ እንዲያውም ነገሩ የተጀመረው በበደል ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ዘመን ዘውገ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነበር። የአንበሳና የሰው ምስል ሲቀርጽ የኖረ፣ ቁመቱ አጭር፣ እጁ ግን የተባረከ ሰው ነበረና የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ወሰኔ አስጠርተው «ችሎት የማስችልበት አዳራሽ ከገደሉ ፈልፍልልኝ፤ የገባ ሰው ሁሉ ማን ፊት እንደቆመ ይወቅ» አሉት። ዘውገ ምስል ሲቀርጽ አንድ ነገር ልብ ብሎ ኖሯል፤ ያው አንድ ሰው ከትልቅ ድንጋይ አጠገብ ሲቆም ያንሳል፣ ከትንሽ ድንጋይ አጠገብ ሲቆም ይገዝፋል፤ ዓይን ሰውን የሚለካው ባጠገቡ ባለው ነገር ነው። ስለዚህ በበሩ በኩል ያሉትን ምሰሶዎች እጅግ ግዙፍ አድርጎ፣ ወደ ውስጥ በተሄደ ቁጥር ግን ምሰሶውን እያሳጠረ፣ ወለሉን በማይታወቅ ዳገት ከፍ፣ ጣሪያውን ዝቅ፣ ግድግዳውን ጠበብ እያደረገ ፈለፈለው። ከበሩ ሆኖ ለሚያይ አዳራሹ ቁመቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ፣ ብቻ በጣም የረዘመ ይመስላል፤ በዚያ ጫፍ የቆመ ሰው ግን ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ጥቂት የቀረው ሆኖ ይታያልና ያስፈራል። ዘውገ ሥራውን ባየ ቁጥር በደስታ ይሰክር ነበር። እንዲህ ያለው ጥበብ በማን ላይ እንደሚሠራ ግን ለአፍታ እንኳ አላሰበም።

ዘውገ ደብሪቱ የምትባል ታላቅ እኅት ነበረችው። ባሏ የሞተባት፣ በገበያም በለቅሶ ቤትም አንደበቷ የሚፈራ ሴት ነበረች። ከአባቷ የወረሰችው ማሳ ከፊታውራሪው መሬት ጋር ይዋሰን ነበርና ፊታውራሪው «ማሳው የኔ ነው» ብለው ተነሡ፤ ከሳሹም እሳቸው፣ ዳኛውም እሳቸው። ያም ሆኖ ማንም ለደብሪቱ አልሰጋም፤ ምስክሮቿ ብዙ ነበሩ፣ እሷም እንዲህ በቀላሉ የምትረታ አልነበረችም።

በችሎቱ ቀን ደብሪቱ ከበሩ ምሰሶ ሥር ቆማ ቀና አለች፤ እዚያ ማዶ ፊታውራሪው ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልተው ቆመዋል። «ተናገሪ እንጂ!» አሉ። እሷም አንገቷን ደፍታ «እርስዎ እንዳሉ ይሁን፣ ጌታዬ» ብላ ወጣች። ማሳው በዚህች ቃል ሄደ።

ዘውገ ተከትሏት ቤቷ ድረስ ሄደ። «እታለም፣ ምን ነካሽ? ያ ሁሉ ምስክር እያለሽ!» አላት።

«ፈርቼ እንዳይመስልህ፤ አፈርኩ እንጂ» አለችው። «ያን የሚያክል ሰው ፊት የኔ ቁራጭ ማሳ ምን አላት ብዬ አፈርኩ። ልጆቼን እንኳ ረሳኋቸው።»

እኅቱን ያሳነሳት ፊታውራሪው ሳይሆን የገዛ እጁ መሆኑን የሚያውቅ ዘውገ ብቻ ነበር። ለጎረቤቶቹ ቢናገር «በዓይናችን ያየነውን ልታስክደን ነው?» እያሉ ሳቁበት። ላስተካክለው እንዳይል፣ የጭቃ ቤት ቢሆን ይጠገን ነበር፤ ተፈልፍሎ የወጣ ድንጋይ ግን ተመልሶ አይገባም። እህል አልወርድ አለው፤ መሮና መዶሻውን ማየት ጠላ።

በሚቀጥለው ችሎት ሕዝቡ በተሰበሰበበት ዘውገ ከበሩ ተነሥቶ፣ ሳይፈቀድለት ወደ ውስጥ መራመድ ጀመረ። በተራመደ ቁጥር በሕዝቡ ዓይን እየገዘፈ ሄደ። ከፊታውራሪው ጎን ሲደርስ ዞረ፤ መንደሩ ሁሉ በእጥረቱ የሚቀልድበት ዘውገ እጁን ዘርግቶ ጣሪያውን ነካ። ሕዝቡ ጮኸ። ፊታውራሪው «ያዙት!» ቢሉም ዘበኞቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«እታለም፣ ነይ!» ብሎ ተጣራ።

ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፤ ከጎናቸውም ስትቆም እሷም እንደነሱ ገዘፈች። ዞር ብላ ወደ በሩ ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ ከነዚያ ግዙፍ ምሰሶዎች ሥር ሕፃናት አክለው ታዩዋት። «ጌታዬ፣ ከዚህ ሆነው ሲያዩን ይህችን ነው የምናክለው?» አለች። ያኔ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«አውቀህ ነው እንዲህ ያደረግከን?»

«አውቄ ነው» አላት። «ያማረ ሥራ መስሎኝ ነበር።»

ደብሪቱ ክርክሯን እዚያው ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። ማሳው ተመልሶላታል የሚሉ አሉ፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ግን አልተመለሰም ይላሉ፣ እውነት የሚመስለውም ይኸኛው ነው፤ ገዥ የዋጠውን መሬት ሲተፋ ማን አይቶ ያውቃል? ዘውገ ከአገር ተባረረ። ደብሪቱ ግን ልትሸኘው ከቤቷ አልወጣችም ይባላል።

ሕዝቡ የአዳራሹን ብልሃት ስላወቀ ፊታውራሪው ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ጫፍ መቆም አልቻሉም፤ ሌላ ዳኛም ቆሞበት አያውቅም። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ከበሩ ምሰሶ ሥር፣ ከተከራካሪዎቹ ጋር መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ወደ ውስጥ የሄደችው ሴት ጫፉ ላይ ስትደርስ ትዞርና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ትንንሽ ሆናችሁ ታያችሁኝ!» ትላለች።

«እንግዲያው ተመለሽ!» ይላታል ሕዝቡ፣ በአንድ ድምፅ። ተመልሳ ከመካከላቸው እስክትቀመጥ ድረስ ችሎቱ አይከፈትም።