በቀይ ክር የተሰፉት ከረጢቶች

አክስቴ፣ ሰው በወዳጁ ሲቀና ባየች ቁጥር የምትላት አንዲት አባባል ነበረቻት። ከየት እንደመጣች ብጠይቃት ይህን ነገረችኝ።

ከጎሬ ወደ ባሮ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ዝናቡ በማያባራበት አገር፣ ደብሪቱና አስካለች የሚባሉ ሁለት በርበሬ ሻጮች ነበሩ። ቅመም ማመጣጠኑን ለአስካለች ያስተማረቻት ደብሪቱ ናት። ነገር ግን ክረምት ሲገባ የደብሪቱ በርበሬ ይጓጉላል፣ ከዚያም ይሻግታል፤ የአስካለች ግን እንደ ዱቄት ብን እንዳለ ይከርማል። ገበያተኛው አንድ በአንድ ወደ አስካለች ዞረ።

ደብሪቱ ደንበኞቿ በፊቷ ሲያልፉ እህል አልወርድ ይላታል። "እጇን ይዤ ያሳየኋት እኔ፣ የሚመሰገነው የሷ እጅ" ትላለች ለብቻዋ።

አንድ ቀን ወደ ባሮ ስንቅ የሚያመላልስ ቀጀላ የተባለ ነጋዴ መጣና ሁለቱንም ጠራቸው።

"አምስት አምስት ቅል በርበሬ ሙሉና በሦስት ቀን ውስጥ አሽጉልኝ። ከወር በኋላ መጥቼ እከፍተዋለሁ። ያልሻገተላት ከእንግዲህ ደንበኛዬ ናት" አላቸው።

በማግስቱ ደብሪቱ ወንፊት ልትዋስ ብላ አስካለች ቤት ገባች። አስካለች ከአሮጌው የበርበሬ እንስራ ውስጥ በቀይ ክር የተሰፉ ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች እያወጣች ሰፌድ ላይ ትደረድር ነበር። ደብሪቱ "ምንድን ናቸው?" ልትል አፏን ከፈተችና 'እኔ ካስተማርኳት ልማር?' ብላ ዋጠችው። አስካለች ወንፊቱን ልታመጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ አምስቱን አንስታ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች።

ቤቷ ገብታ ብትዳስሳቸው ውስጣቸው ከሰል ነው። በየቅሉ አንዳንድ ከተተችና አፉን በሰም ደፈነችው። ያን ወር ሙሉ አስካለችን ባየች ቁጥር በሆዷ ትስቅ ነበር።

ቀጀላ በቀጠሮው መጣ። የገበያው ሽማግሌ እማማ ዘርፌም ለምስክርነት ተቀመጡ። የአስካለች አምስቱም ቅል ደህና ሆነው ተገኙ። የደብሪቱ የመጀመሪያው ሲከፈት ግን ሽታው ሰው አሸሸ፤ በርበሬው ሽበት አብቅሎ፣ መሀሉ ላይ አንዲት የራሰች ከረጢት ተቀምጣለች። የቀሩት አራቱም እንደዚያው።

አስካለች ከረጢቷን አንስታ ስፌቷን አየች።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ይህ የኔ ክር ነው" አለች ቀስ ብላ። "ከሰሉ እርጥበት ይጠጣል። ሲጠግብ አውጥቼ እሳት ዳር አደርቀዋለሁ። እርስዎ የወሰዱት የጠገበውን ነው።"

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። የሆዷ ግን ወጣ። "እኔ ቅመሙን ስሰጥሽ፣ አንቺ ይህን ደበቅሽኝ።"

"አልደበቅኩም። ቢጠይቁኝ ደረቁን ሰፍቼ ቤትዎ ድረስ አመጣልዎ ነበር።"

ደብሪቱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ቀጀላ የአስካለችን ቅሎች በበቅሎው ጀርባ ላይ መጫን ጀመረ። ከገበያተኛው አንዱ ኋላ ቆሞ ስለነበር፣ ምን እንደሆነ እማማ ዘርፌን ጠየቃቸው። እሳቸውም ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ፣ "ምን ይሆናል ልጄ፤ ቀንታ ከሰል ሰረቀች፣ በርበሬዋን አሻገተች" አሉት።