ገደል የገባው በሬ

በአንድ ወቅት፣ ሰማይ ለምድር ጀርባውን በሰጠበት ዓመት፣ በወሎ ቆላ ጠርዝ ባለች አንዲት መንደር ሦስት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። ታላቁ ሙሄ፣ መካከለኛው ይመር፣ ታናሹ እብሬ ይባላሉ። አባታቸው፣ አላህ ይዘንለትና፣ የመንደሩ አራጅ ነበር።

አራጅነት ቢላዋ መያዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሥጋ የሚበላው አምኖ ነው። በሬው ሲታረድ ነፍስ ነበረው ወይ፣ የአላህ ስም ተጠርቶበታል ወይ ብሎ ድስት ከፍቶ የሚመረምር የለም። አራጁ ከሳተ መንደሩ በሙሉ በክት በላ ማለት ነው፤ በላተኛው ሳያውቅ በልቷልና ነፃ ነው፣ በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ አንገቱን ደፍቶ የሚቆመው አራጁ ነው። አባትየው ይህን እያሰበ ሥጋ ሲበላ እንኳ ደስ አይለውም ነበር ይባላል። ልጆቹንም «ሳትጠየቁ ራሳችሁን ጠይቁ» እያለ አሳድጎ፣ ሥራውን ለማን እንዳወረሰ ሳይናገር ሞተ።

ሦስቱም በተራ ማረዱን ቀጠሉ። ሙሄ ከብት አዋቂ ነው። ይመር እጀ ሰፊ፣ ካለው የሚያካፍል ነው። የእብሬ እጅ ደግሞ አይንቀጠቀጥም፤ በግ እንኳ በእሱ እጅ ሲሆን ሳይጨነቅ ይሞታል ይሉ ነበር። መንደሩ ከሦስቱ አንዱን ለይቶ ሊሾም ዛሬ ነገ ሲል ድርቁ መጣ። የሚታረድ ሲጠፋ ስለ አራጅ ማን ይጨነቃል?

ረሃቡ ሲጠና ሰው ለዝናብ ዱዓ ሊሰበሰብ ተስማማ። ዱዓው ሰደቃ ይፈልጋል፣ ሰደቃው በሬ ይፈልጋል፣ በሬ ደግሞ ቆላው ውስጥ አልቆ ነበር። አንድ የደጋ ዘመድ አዝኖ በሬ ሰጠ። ወንድማማቾቹ ሊያመጡት ወጡ፤ የእርዱ ተራ የእብሬ ስለነበር ቢላዋው እሱ ወገብ ላይ ነበር።

በሬው አጥንቱ የሚቆጠር፣ ሲራመድ የሚወላገድ ነበር። ቁልቁለቱን አጋምሰው መንደሩ ወለል ብሎ ሲታያቸው፣ በሬው ከመንገዱ ዳር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ጭብጥ ለምለም ሣር አየ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ምስኪኑ በሬ ግን አልሰማም። አንገቱን ሰደደ፣ አፈሩ ከዳው፣ ወረደ።

«ድረስበት!» ብሎ ጮኸ ሙሄ ከአፋፉ። «ነፍሱ ሳትወጣ ድረስበት!»

እብሬ በቁሙ እየተንሸራተተ፣ ክንዱን እሾህ እየላጠው ወረደ። ይመር በመንገዱ ዞሮ ይመጣ ነበር። በሬው በጎኑ ወድቋል፣ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ላይ አቧራ አለ። እብሬ አንገቱን ዳሰሰ። የሆነ ነገር ይመታል፤ የሚመታው የበሬው ደም ይሁን የራሱ፣ ከሩጫው የተነሳ ሊለየው አልቻለም። ጊዜ አልነበረም። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ ቢላዋውን አሳረፈ።

ደሙ ወጣ፤ ግን አልፈነጠቀም፣ ጠቆር ብሎ ዝግ እያለ ወረደ። የኋላ እግሩ ተንቀሳቀሰ። ተወራጨ እንዳይል በሬው የተኛው ተዳፋት ላይ ነው፤ ተንሸራተተ እንዳይል ደግሞ እግሩ ታጠፍ ያለ መሰለው። እብሬ ያን ጊዜ ፈራ። ከጅብ ወይም ከሽፍታ እንደሚያመልጡት ሮጠው የሚያመልጡት ፍርሃት አልነበረም።

ሙሄ እያለከለከ ደረሰ። «አልሐምዱሊላህ! ደረስክበት።»

«አያ ሙሄ፣ ነፍስ ነበረው?»

«ያረድከው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን?»

«አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።»

ይመርም መጣ። ደሙን አየ፣ የታናሹን ፊት አየ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «እንተወው ይሆን?» አለ ቀስ ብሎ።

«ትተን ምን ይዘን ልንገባ ነው?» አለ ሙሄ።

ይህን እየተባባሉ የመንደሩ ጎረምሶች ጩኸቱን ሰምተው ከታች ደረሱ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ ገፈፉት፣ በለቱት፣ ተሸከሙት። ከሦስቱ አንዱም አፉን ሳይከፍት ሥጋው መንደር ገባ። ዝምታ መቼም ሲጀምሩት ቀላል ነው።

ሰዉ ከዋርካው ሥር ተሰብስቦ፣ ድስት ተጥዶ ነበር። የመንደሩ ሼህ፣ ሼህ አወል፣ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ወንድማማቾቹን ጠሩ። «ልጆቼ፣ በሬው ገደል ገባ አሉ። በሕይወት ደረሳችሁበት?»

መልስ የሰጠው ሙሄ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን አየ፤ ማልቀስ ያቃታቸውን ሕፃናት፣ ዓይናቸው ከድስቱ የማይነቀል አዛውንቶችን አየ። «ደርሰንበታል፣ ሼህዬ» አለ። «እግሩን ሲያወራጭ በዓይኔ አይቻለሁ።» ምንም አላየም፤ አፋፉ ላይ ሆኖ የሚታየው የእብሬ ጀርባ ብቻ ነበር። ለወንድሞቹ በጆሯቸው፣ «ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው በክትም ተፈቅዷል። እነሱን ለምን እናስጨንቃቸው? የውሸቱ ወንጀል በእኔ አንገት ይሁን» አላቸው። ከዚያ ወገቡን ታጥቆ ሰዉን ሁሉ አስተናገደ። እሱም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር፤ ከዚያ ሥጋ ግን አንዲት ቁራጭ አፉ አላደረሰም።

ይመር ቤቱ ሄደ። የቀረችው አንዲት የምትታለብ ፍየል ነበረች፤ ልጆቹ የሚውሉት በእሷ ወተት ነው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ፣ «ነገሳ?» አለችው። «ነገ የአላህ ነው» ብሎ አረዳት፤ እስክትረጋ ድረስም ዓይኑን አልነቀለም። ለብቻዋ ቀቅሎ አመጣና ለሕፃናቱና ለሚያጠቡ እናቶች ከፍየሏ፣ ለሌላው ከበሬው ይቀዳ ጀመር። ለማንም ምንም አልተናገረም።

እብሬ ገባውና ክንዱን ያዘው። «ማን ሐላሉን እንደሚበላ፣ ማን የሚያጠራጥረውን እንደሚበላ ማን መረጠ?»

«የድስቱ ልክ» አለ ይመር፣ ክንዱን አስለቅቆ።

እብሬ ብቻውን ቀረ። የሚጎርስ ሰው ባየ ቁጥር ራሱን ይጠይቃል፤ ነፍስ ነበረው? ዝም ቢል ወንድሙ ለሕዝቡ ሲል የገባበትን እሳት ይሸፍንለታል፤ ቢናገር የሙሄን ስም ይቀብራል፣ የተራበን ሰው እጅ ከአፉ ይመልሳል። እንዲህ ሲያወጣ ሲያወርድ አያ ዳውድን አየ። አያ ዳውድ ከአባታቸው ጎን ይሰግዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የሰው ማሳ ሣር ለበቅሏቸው ያላበሉ ሰው። የመጀመሪያዋን ቁራጭ አንስተው «ቢስሚላህ» አሉ።

«አይብሉ!» ብሎ ጮኸ እብሬ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። «ያረድኩት እኔ ነኝ። ነፍስ ይኑረው አይኑረው አላወቅኩም። አያ ሙሄም አላየም።»

የሆነውን ትርምስ አልነግራችሁም። የተፋ አለ፣ ያለቀሰ አለ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ቶሎ ቶሎ የጎረሰም አለ። ሼህ አወል እጃቸውን አነሱ። «ለነፍሱ የሰጋ ይብላ፤ አላህ መሐሪ ነው። መታገሥ የሚችል ይታገሥ። የረሃባችሁን ልክ እኔ አላውቅላችሁም፤ እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።»

አያ ዳውድ ቁራጯን ወደ ሣህኑ መለሱ። «በስተርጅና አልጀምረውም፣ ልጄ» አሉት እብሬን። «አላህ ይውደድህ።» ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ በረሃብ ሞቱ። ዝናቡ የመጣው እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ስለማን ሲባል እንደ መጣ የሚያውቀው ላኪው ነው።

ከዚያ በኋላ ሙሄን ውሸታም አሉት፤ ያን ቀን በልተው በሕይወት የቆዩት ሳይቀሩ አሉት። ይመርን የሕፃናቱ እናቶች እጁን ይስሙታል፤ ከበሬው የደረሳቸው ግን ሰላምታውን በግማሽ አፍ ይመልሳሉ። እብሬን «እውነተኛው» ሲሉት ፍርሃቱ ባሰበት። ሰግዶ ሲቀመጥ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ የተናገርኩት ለአላህ ብዬ ነው ወይስ ፍርሃቴን ብቻዬን መሸከም አቅቶኝ ሰዉ ላይ አራገፍኩት? አያ ዳውድ በቂያማ ቀን «አላህ ይውደድህ» ይሉኛል ወይስ ያቺን ቁራጭ ይዘው ይመጣሉ?

ምድር አረንጓዴ ለበሰች፣ አረፋም ደረሰ። በጎቹ ዋርካው ሥር ታሰሩ። ሼህ አወል መንደሩን ሰብስበው፣ «ዛሬ አራጃችንን ለይተን እንሹም» አሉና ሦስቱን አቆሟቸው።

ሙሄ፣ «ዋሽቻለሁ፤ አልክድም» አለ። «ነገም ሰው እንደዚያ ቢራብ ተመልሼ እዋሻለሁ።»

ይመር፣ «እኔ አልዋሸሁም፣ እውነቱንም አልተናገርኩም» አለ። «ልጆቻችሁን ግን ከሚያጠራጥር ነገር ጠብቄላችኋለሁ።»

የእብሬ ተራ ደረሰ። ሼሁ ቢላዋውን ሲያቀብሉት፣ ያ እንደ ዓለት የሚጸና እጁ ተንቀጠቀጠ።

«ምነው?» አሉት።

«እፈራለሁ፣ ሼህዬ።»

ሼህ አወል ቢላዋውን መልሰው ወሰዱ። «አላህን የማይፈራ አራጅ አልሾምም» አሉ። «እጁ የሚንቀጠቀጥ አራጅ ደግሞ ከብቱን ያሠቃያል፤ እሱም ወንጀል ነው።» ቢላዋውን ሕዝቡ መካከል፣ ሣሩ ላይ አኖሩት።

ሰዉ ተከራከረ። ዙህር ተሰገደ፣ ዐስር ተቃረበ፣ ልጆች «ራበን» ማለት ጀመሩ፤ ቢላዋውን ግን ማንም አላነሣም። ሁሉም የሦስቱን ወንድማማቾች ጥፋት አሳምሮ ያውቃል፤ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ሲባል ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።

እንግዲህ ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ስትፈርዱም ራሳችሁን እየጠየቃችሁ ፍረዱ። በጉ ታስሯል፣ ልጃችሁ ርቦታል፣ ሦስቱ ቆመዋል፤ ማን ያረደውን ለልጃችሁ ታጎርሳላችሁ?