አያ ጅቦን የሚከተለው በረት

አንድ ጊዜ በአሮጌ ጣሪያ ላይ በተጋገረ ቀይ ዝገት ውስጥ፣ ዓይን በማያየው ክሪስታል፣ በጎችና በሬዎች ተሰልፈው የሚኖሩበት አገር ነበር። በጎቹ ኦክስጅን፣ በሬዎቹ ብረት ናቸው። ሁሉም ከጎረቤታቸው ጋር በገመድ ስለተሳሰሩ ቦታቸውን አይለቁም፤ ሥራቸው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ሲሞቅ አጥብቀው፣ ሲበርድ በቀስታ ይንቀጠቀጣሉ።

ወደዚህ አገር አያ ጅቦ ገባ። አያ ጅቦ የኤሌክትሪክ ቅንጣት ነው፤ እሱ ግን ከሆዱ በቀር ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከማዶ አንበሳ ድግስ ደግሷል፤ የሥጋው ሽታ ምራቁን አዝረበረበው። «በመንጋዬ መሃል እለፉ፤ ጥርሱን ያሳረፈ ግን ወዮለት!» የሚለውን የአንበሳ አዋጅ ሰምቷልና በጎቹን በዓይኑ ብቻ እየላሰ መንገድ ጀመረ።

ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆም ሲል፣ በጎቹ ደንግጠው ገመዳቸው እስኪወጠር ወደ ኋላ ሸሹ። በሬዎቹ ደግሞ ቀንዳቸውን ቀስረው ጠጋ አሉት። እንዲህ ሆኖ ዙሪያው በረት ሆነ።

«ማነው ያጠረኝ?» ብሎ ጮኸ። በረቱን ቢገፋም አልለቅ አለው። ኋላ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል እንስሳቱ ተንቀጠቀጡ፤ በጉ ወዲህ፣ በሬው ወዲያ ሲል፣ ከጎኑ ያለው ቦታ ለአፍታ እሱ የቆመበትን መሰለ፤ መሹለኪያም ተከፈተ። አያ ጅቦም ሳያስበው ዘለለ። ቆም እንዳለ ግን እዚያም በረት!

«ቅድም የነበርኩበት ነኝ ወይስ ሌላ ቦታ?» አለ ግራ ገብቶት።

ቀበሮ ዳር ዳሩን ወደ ድግሱ ስትሄድ አያትና ተጣራ። «እመት ቀበሮ፣ ምን ጉድ ነው? በረት ሰው ያሳድዳል እንዴ?»

ቀበሮ የእሱንም ድርሻ ልትበላ አሰበች። «አያ ጅቦ፣ የያዘዎት እኮ መንቀጥቀጡ ነው። እንስሳቱ ረጭ ሲሉ ጠብቀው ይለፉ።»

«እውነትሽን ነው! ራሴን ያዞረኝም እሱ ነው።»

ደመና መጣ፣ ብርድ ወረደ፣ እንስሳቱም ጸጥ አሉ። አያ ጅቦ ደስ ብሎት ቢዘል ከበሬ ቀንድ ጋር ተላተመ። ደግሞ ሞከረ፤ በረቱ ፍንክች አላለም። «ጸጥ ሲሉ ይለቁሃል አይደል ያለችኝ? ወይስ ጸጥ ሲሉ ይይዙሃል ነው ያለችው?» የሥጋው ሽታ እየሳሳ ሲሄድ ሆዱ ባባና አለቀሰ።

ደመናው ተገፈፈ። መንቀጥቀጡ ሲመለስ «አሁንማ አለቀልኝ!» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እግሩ ግን ቦታ በተመቻቸ ቁጥር ወሰደው፤ ከበረት ወደ በረት እየዘለለ ማዶ ደረሰ። ድግሱ አልቋል። ቀበሮ አፏን እየጠረገች ነው፤ ለእሱ አጥንት እንኳ አልተረፈም።

በንዴት ዳር ላይ ወደቆመች አሮጊት በግ ዞረ። «ንገሪኝ! ያን ሁሉ በረት የሠራው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አያ ጅቦ። እኛ እርስዎ ሲቆሙ ደነገጥን እንጂ አጥር የሚባል አናውቅም።»

«እኔ በሌለሁበትስ?»

«እርስዎ በሌሉበትማ ሜዳ ነው።»

አያ ጅቦ ጆሮውን አከከ። እሱ የሌለበትን ሜዳ አይቶ አያውቅም። «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም!» አለና ተመልሶ መንጋው መሃል ገባ። ሜዳውን ለማየትም ቆም አለ።

በጎቹ ሸሹ፤ በሬዎቹ ተጠጉ።

ከዚህ የምንማረው፣ በሄድንበት ሁሉ ያው አንድ አጥር ከገጠመን፣ ያጠረብንን ፍለጋ ከመውጣታችን በፊት የራሳችንን አቋቋም ማየት እንዳለብን ነው።