ሕዝቡ ጠቅ የሚያደርገው ፎቶ

«እስከ ዓርብ የድረ ገጻችን ተመልካች በእጥፍ ካልጨመረ መዝገብ ቤት ትወርጃለሽ!» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ አቶ ዘርጋው። «ለመሆኑ ሕዝቡ አብዝቶ ጠቅ የሚያደርገው ምኑን ነው?»

የድረ ገጹ ሠራተኛ የሳምንቱን ቁጥር አየች። ከሁሉ በላይ ጠቅ የተደረገው፣ ገጹ ሲከፈት ዜናውን ሁሉ ሸፍኖ ብቅ የሚለው የእሳቸው ፎቶ ነበር።

«እርስዎን ነው ክቡርነትዎ። ዘጠኝ ሺህ ሰው!»

አቶ ዘርጋው በደስታ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አላልኩም? በይ አሁኑኑ ግድግዳ የሚያህል አድርገሽ አስፊው! ደግሞ የቱ ጋ ነው የሚነኩኝ? ግንባሬን?»

«ከጆሮዎ ከፍ ብሎ፣ ፎቶውን የምትዘጋዋን ምልክት ነው።»

አቶ ዘርጋው በጣታቸው ወደ በሩ ጠቆሙ።

«ውጪልኝ! በሩንም ዝጊው!»

«እሺ ክቡርነትዎ፤ ዘጠኝ ሺዎቹም ዘግተው ነው የወጡት» አለች።

በሩ ቀጭ ብሎ ተዘጋ።