ሽመክት የገዛው የሻወር በር

አንድ ቀን፣ ያውም ሰፈሩ ውስጥ የውሃ ጠብታ በጠፋበት ቀን፣ ሽመክት የሻወር በር ሊገዛ ወጣ። ሽመክትን ካላወቃችሁት ምንም አይደል፣ ራሱ ይነግራችኋል። አንድ ጊዜ ለስብሰባ ዱባይ ሄዶ ሆቴል ካደረ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። አዲሱን ቤቱን ሲጨርስ እንኳ «የቤቱን መልክ ያበላሽብኛል» ብሎ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር አላሰቅልም አለ። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ በጠፋ ቁጥር ቤተሰቡ የሚታጠበው መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ከቆመ ሰማያዊ በርሜል እየቀዳ ነበር።

የሚስቱ የየሺመቤት አጎት ጋሽ አበጋዝ፣ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከደብረ ማርቆስ መጥተው እነሱ ዘንድ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው እንጂ አፋቸው አልታመመም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዱ፣ በሰላም ይታጠቡ ነበር። የበሩን ነገር ሲሰሙ አላስችል ብሏቸው እያነከሱም ቢሆን ሱቅ ድረስ ተከተሉት።

ሻጯ ከወለል እስከ አናት ጥርት ያለ የመስታወት በር አሳየቻቸው። «ይሄ ፒቮት ነው የሚባለው፤ ከላይና ከታች ባለ ዘንግ ላይ ይዞራል። ወደ ውጭ የሚከፈትም ወደ ውስጥ የሚከፈትም አለን። የትኛው ይሁንልዎት?»

«ወደ ውስጥ!» አለ ሽመክት፣ ጥያቄውን እንኳ ሳያስጨርሳት። «ወደ ውጭ ከተከፈተ እብነ በረዴ ላይ ይንጠባጠባል። ዱባይ ያየሁትም ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው።»

«ሽመክት ልጄ፣» አሉ ጋሽ አበጋዝ፣ «ወደ ውስጥ ከተከፈተ እኮ በርሜሉን ይገጨዋል። ወደ ውጭ ይሁንና በርሜሉም ጥጉን ይዞ ይኑር። እኔም እዚያው እንደ ልማዴ ልታጠብ።»

«ኧረ ጋሼ! በዚህ መስታወት ውስጥ በርሜል ይታያል? ዱባይ በርሜል የሚባል ነገር የለም!»

«ፈረቃስ አለ?»

ሻጯ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን አዞረች። ሽመክት ግን ደሙ ፈላ። «ይስሙኝ ጋሼ! ከዛሬ ጀምሮ እዚያ መታጠቢያ ቤት ባልዲም ሆነ በርሜል አይገባም። በባልዲ መታጠብ ያማረው ሰው ጓሮ ሰርቪስ ቤት አለለት።»

ጋሽ አበጋዝ በሰው ቤት ተቀምጠው ምን ይበሉ? በሩ ተገጠመ፣ በርሜሉም ሰርቪስ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ለመታጠብ በፈለጉ ቁጥር ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ሳሎኑን አቋርጠው፣ በዚያ ጉልበት የጓሮውን ደረጃ እየቃተቱ መውረድ ሆነ ሥራቸው። የሺመቤት ባየቻቸው ቁጥር አንጀቷ ያርራል። ባሏን ብትለምነው «ይለምዱታል» አላት። አይ ሽመክት! ለመስታወት የራራውን ያህል ለሰው ቢራራ ምን ነበረበት?

እሑድ ቤቱ ሊመረቅ ሆነ። ዘመድ አዝማዱ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከነአለቃቸው ተጠርተዋል። ደግሞ እንደ ዕድል ሆኖ ያን ቀን ጠዋት ውሃ መጣ። ሽመክት «እንግዳ መቼም በሰዓቱ አይመጣም» ብሎ ተዝናንቶ ሻወሩ ውስጥ ገባ። አለቃው ግን በሰዓቱ የሚመጡ ሰው ኖረው፣ እሳቸውን ብሎ ሌላውም ተከትሎ ገባ። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ።

ሽመክት ከአናቱ እስከ እግሩ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ እያንጎራጎረ ሳለ፣ ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ቢያዞር፣ ቢመታ፣ ቢሳደብ ወይ ፍንክች!

«የሺ! ኧረ የሺመቤት! ኧረ የሰው ያለህ!»

የሺመቤት እንግዶቿን ስታስተናግድ አልሰማችውም። ጋሽ አበጋዝ እያነከሱ ሄደው መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ዓይኔ ጠፋ ጋሼ! ውሃው ሄደ! በሞቴ፣ ከበርሜሉ አንድ ባልዲ ይላኩልኝ!»

«ባልዲ?» አሉ፣ ሳሎን ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ባልዲ እዚህ አይገባም ተብሎ የለም እንዴ? እኔ እንግዳ ነኝ፤ የባለቤቱን ትእዛዝ በምን አቅሜ ልሻር?»

«ጋሼ በማርያም! ሰው ቤት ሞልቶ፣ ሻወር ውስጥ እንዲህ ሆኜ ልቅር?»

«ሻወሩማ ጓሮ ነው ያለው ልጄ። እዚህ ያለው በሩ ነው!»

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ሽመክት ሌላ ምን ምርጫ አለው? ፎጣውን አገልድሞ፣ አረፋውን እንደተሸከመ፣ ግድግዳ እየዳበሰ ወጣ። ወደ ጓሮ የሚያስኬደው ደግሞ በሳሎኑ መሀል ነው። እንግዶቹ መቼም ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ የቤቱ ጌታ ብቅ ሲል ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ እንደ ወጉ አለቃውም ጭምር ብድግ አሉና «ኖር!» አሉት።

«በእግዜር! በእግዜር!» እያለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ወደ ጓሮ ወረደ።

ዛሬ ያ በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። በርሜሉም ጥጉን ይዟል፤ መጀመሪያ የሚታጠቡትም ጋሽ አበጋዝ ናቸው።