አልሄድ ያለችው ቢጫ ጀሪካን

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ «እህ» በሉኝ። ዝም ካላችሁኝ ለአጥሩ እነግረዋለሁ፤ አጥሩ ደግሞ አንድ ጊዜ ሰምቶታል።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ መንደር፣ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዐይናቸው ደከመና ሐኪሙ «ከእንግዲህ መንዳት የለም» አላቸው። እሳቸውም ቤታቸው ገቡ፤ አልጋቸው ላይ ወጡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ቀሩ። ለለቅሶ አልወጡም፣ ለሠርግ አልወጡም፣ ለፀሐይ እንኳ አልወጡም።

ልጃቸው ትርሲት ፀጉር ሠሪ ናት። ጨነቃት።

«አባዬ፣ ምን ባደርግልህ ትወጣለህ?»

«የምነዳው ነገር ካለ።»

«ሰው የማይገጭ፣ ገደል የማይገባ ቢሆንስ?»

«እሱን ካገኘሽ ጥሪኝ» አሉና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

ትርሲት በሪሞት የምትሄድ መኪና ልትሠራላቸው ተነሣች። ቦዲዋን ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆረጠች። የፊት ጎማዎቿን ከሕፃን ጋሪ ፈታች። አንዱን የኋላ ጎማ ከሻንጣ ነቀለች፤ ሌላውን ከቀለም ቆርቆሮ ክዳን ሠራች። ንጠቷን እንዲያለዝብ ለባሌስትራ የፀጉር ቢጉዲን አሰረችላት፤ ለአንቴና የዣንጥላ ሽቦ ተከለችላት። ሪሞቱን ከተሰበረ መጫወቻ ሄሊኮፕተር አገኘች። በመጨረሻ የፀጉር ማድረቂያዋን ሞተር ገጠመችና ቁልፉን ተጫነች። ጀሪካኗ አልሄደችም፤ ሙቅ አየር ተነፈሰችባት እንጂ። የጎደላት ደህና ሞተር ብቻ ነበር።

ወደ ራዲዮ ጠጋኙ ወደ ከድር ሮጠች።

«ሞተር? አለኝ እንጂ! ከድሪል የወጣ ነው፤ በሬ ይጎትታል! ግን ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑም ተቆልፏል።»

«ክፈተዋ!»

«ቁልፉ እሱ ጋ ነው» አለና ወደ ጣሪያው ጠቆመ። ጣሪያው ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፤ ያ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ትልቅ ወፍ። ቁልፉን በመንቆሩ ይዟል። «ምሳዬ መስሎት ነጠቀኝ። ዓሣ ካልወረወሩለት አፉን አይከፍትም።»

«አባ ኮዳ፣ እባክህ!» ብላ ለመነችው። አባ ኮዳ በአንድ ዐይኑ አያት። እሱ አፉን ካልከፈተ ቁልፉ አይወድቅ፣ ቁልፉ ካልወደቀ ሳጥኑ አይከፈት፣ ሳጥኑ ካልተከፈተ ሞተሩ አይወጣ፣ ሞተሩ ካልወጣ ጀሪካኗ አትሄድ፣ ጀሪካኗ ካልሄደች ጋሽ ሽብሩ አልጋውን አይለቁም።

ወደ ዓሣ ሻጯ ወደ ወይዘሮ ዳንጊሴ ሮጠች። «እትዬ ዳንጊሴ፣ ለአባ ኮዳ አንድ ዓሣ!»

«ውይ ልጄ፣ ሙሉ ዓሣማ የሰው ነው። ለአባ ኮዳ የሚደርሰው ሆድ ዕቃው ነው። ሆድ ዕቃ የሚወጣው በቢላ ነው። የኔ ቢላ ደግሞ ዛሬ ቅቤም አይቆርጥ!»

ትርሲት ራሷን ያዘች። ቢላው ካልተሞረደ ዓሣው አይቀደድ፣ ዓሣው ካልተቀደደ አባ ኮዳ አፉን አይከፍት፣ አባ ኮዳ አፉን ካልከፈተ ቁልፉ አይወድቅ፣ ቁልፉ ካልወደቀ ሳጥኑ አይከፈት፣ ሳጥኑ ካልተከፈተ ሞተሩ አይወጣ፣ ሞተሩ ካልወጣ ጀሪካኗ አትሄድ፣ ጀሪካኗ ካልሄደች ጋሽ ሽብሩ አልጋውን አይለቁም።

ቢላውን ይዛ ወደ ቢላ ሞራጁ ወደ ጋሽ ጩፋሞ ሮጠች። የጋሽ ጩፋሞ መሞረጃ ድንጋይ የሚሽከረከረው በብስክሌት ነው። እሳቸው ግን ብስክሌቱ ላይ አልነበሩም፤ መሬት ተቀምጠው አገጫቸውን ይዘዋል። የጋሪ አህያ ብስክሌታቸውን ከአጥሩ ጋር አጣብቃ፣ ተደግፋበት ቆማለች።

«ግፏት እንጂ ጋሽ ጩፋሞ!»

«ገፋኋት። ለመንኳት። ሰደብኳት። እሷ እቴ!»

«ወደ ኋላ ትመለስ!»

«አህያ የኋላ ማርሽ የላትም» አለ ባለጋሪው። «ወደፊት እንዳትሄድ ደግሞ ያንን እይው።» አየች። ብሎኬት የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶ፣ አፍንጫው አንዱ አጥር ላይ፣ ጀርባው ሌላው አጥር ላይ ተሰክቷል። መሪውን የያዘው ሹፌር ላብ በላብ ሆኗል።

«ንዳው እንጂ ወንድሜ!»

«እንዴት ልንዳው? ኋላዬ አይታየኝ! የሚመራኝ ሰው የለም!»

የሚመራማ ሞልቶ ነበር። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ይመራል። «ወደ ግራ!» «ኧረ ወደ ቀኝ!» «ቁም!» «አትቁም!» አንዱማ «ወደ ላይ!» አለ።

ትርሲት መሀል መንገድ ላይ ቁጭ አለች። በቃ፣ ሹፌሩ ካልተመራ መኪናው አይወጣ፣ መኪናው ካልወጣ አህያዋ አትሄድ፣ አህያዋ ካልሄደች ብስክሌቱ አይለቀቅ፣ ብስክሌቱ ካልተለቀቀ ቢላው አይሞረድ፣ ቢላው ካልተሞረደ ዓሣው አይቀደድ፣ ዓሣው ካልተቀደደ አባ ኮዳ አፉን አይከፍት፣ አባ ኮዳ አፉን ካልከፈተ ቁልፉ አይወድቅ፣ ቁልፉ ካልወደቀ ሳጥኑ አይከፈት፣ ሳጥኑ ካልተከፈተ ሞተሩ አይወጣ፣ ሞተሩ ካልወጣ ጀሪካኗ አትሄድ፣ ጀሪካኗ ካልሄደች አባቷ እንደተኙ ይቀራሉ። እንባዋ መጣ።

ይሄኔ እዚያው ከመኪናው አጠገብ ያለው የጋሽ ሽብሩ በር ተበረገደ። ጋቢ ለብሰው፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ አድርገው ብቅ አሉ።

«ማነው ‹ወደ ግራ› ያለው አህያ?»

ሰው ሁሉ ወደ አህያዋ ዞረ።

«ዝም በሉ ሁላችሁም! አንተ ልጅ፣ እኔን ብቻ ስማ። መሪውን ወደ ቀኝ ጨርሰው። አሁን ና። ና፣ ና፣ ና... ቁም! አሁን ወደ ግራ መልሰው። ቀስ... ሂድ! ሂድ ልጄ!»

መኪናው ወጣ። ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፍቶ አመሰገነና ሄደ። ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን እንዳነሡ መንገዱ ላይ ቀሩ። ድምፁ እስኪጠፋ ሰሙት። ከዚያ ፊታቸው ጠወለገ። «እሱስ ሄደ» አሉና ወደ በሩ፣ ወደዚያው ወደ ግድግዳቸው ዞሩ።

«አባዬ፣ አትግባ! ትንሽ ቆይልኝ!»

መኪናው ወጥቷልና አህያዋ ሄደች፤ አህያዋ ሄዳለችና ብስክሌቱ ተለቀቀ፤ ብስክሌቱ ተለቋልና ቢላው ተሞረደ፤ ቢላው ተሞርዷልና ዓሣው ተቀደደ፤ ዓሣው ተቀዷልና አባ ኮዳ አፉን ከፈተ፤ አፉን ከፍቷልና ቁልፉ ወደቀ፤ የወደቀውም ከድር አናት ላይ ነው። ከድር አናቱን እያሻሸ ሳጥኑን ከፈተ፤ ሞተሩ ወጣ፤ ሞተሩ ተገጠመ። ጋሽ ሽብሩ አንድ እግራቸውን ደጃፉ ውስጥ አስገብተው ሳለ፣ ጀሪካኗ እያነከሰች፣ እየተንገጫገጨች መጥታ ተረከዛቸውን ገጨቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪናህ ናት» አለችና ትርሲት ሪሞቱን እጃቸው ላይ አኖረችው።

ጋሽ ሽብሩ ተጫኑት። ጀሪካኗ ዘላ ተነሣች፤ ዶሮዎቹን በተነች፤ ጋሽ ጩፋሞን ዞራ አስዘለለቻቸው። ሽማግሌው ጆሯቸውን ጣል አድርገው አዳመጧት።

«ባሌስትራዋ ላልቷል። የኋላ ግራ ጎማዋ ይንቋቋል። ማነው የገጠማት?»

«እኔ።»

«እጅሽ ይባረክ» አሉና ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ ተቀመጡ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። «አባዬ፣ ግባና ብላ» አለች። ደግማም «አባዬ!» አለች።

ጋሽ ሽብሩ ዞር ሳይሉ እጃቸውን አነሡ። «ሹፌር እየነዳ አይነጋገርም!»

እኔም አላናገርኳቸውም። ተረቴ እዚህ ድረስ ናት፤ ወራጅ አለ!